ሰጪውም ነሺውም ለንደን፦ የተርክስና ካይኮስ ደሴቶች ሕገ መንግሥትና ፓርቲዎች

ኦገስት 14 ቀን 2009 በተርክስና ካይኮስ ደሴቶች ሚኒስትር ሆነው ያደሩ ሰዎች ሚኒስትር ሳይሆኑ ዋሉ። ታንክ አልወጣም፣ ሬዲዮ ጣቢያ አልተከበበም፣ ማርሽ አልተሰማም። ለንደን ላይ ተረቅቆ የቆየ አንድ ድንጋጌ ሥራ ላይ ዋለ፤ በቃ። ካቢኔው ፈረሰ፣ ምክር ቤቱ ተበተነ፣ በወንጀል ክስ በጁሪ (ከተራው ሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች) ፊት የመዳኘት መብት ታገደ። ሥልጣኑ ተጠቅልሎ ከእንግሊዝ በተላኩት አገረ ገዥ በጎርደን ዌዘረል እጅ ገባ። ሕዝቡ እንደገና የምርጫ ሣጥን ያየው ከሦስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕገ መንግሥት ያለው፣ ሁለት ፓርቲ ያለው፣ በምርጫ መንግሥት የሚለዋውጥ ሕዝብ እንዴት በአንድ ወረቀት እንዲህ ይሆናል? ነገሩ ግራ የሚያጋባው ደሴቶቹን እንደ አገር ስለምናስባቸው ነው። አገር አይደሉም። ብሪታኒያ ዛሬም ከያዘቻቸው 14 የባህር ማዶ ግዛቶች አንዱ ናቸው፤ የተባበሩት መንግሥታትም «ራሳቸውን ችለው የማይተዳደሩ» ብሎ በሚይዘው ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

ካርታ ላይ ለሚፈልግ፣ ከባሃማስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከሚጋሩት ትልቅ ደሴት በስተሰሜን ነው። 40 ያህል ደሴቶችና የአሸዋ ቁራጮች ሲሆኑ ሰው የሚኖርባቸው በጣት ይቆጠራሉ። ዋና ከተማው ኮክበርን ታውን ግራንድ ተርክ በምትባለው ደሴት ላይ ነው። ገንዘቡ፣ ሆቴሉና አብዛኛው ሕዝብ ግን ነዋሪዎቹ «ፕሮቮ» እያሉ በሚያቆላምጧት በፕሮቪደንሻሌስ ነው። ግዛቱ የእንግሊዝ ሆኖ ሳለ የሚገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። የገቢ ግብር የለም፤ መንግሥት የሚኖረው በአብዛኛው ከጉምሩክ ቀረጥና ከቱሪስት ነው።

ታሪኩ በጨው ይጀምራል። ከቤርሙዳ የመጡ ነጋዴዎች የባህሩን ውኃ በፀሐይ እያደረቁ በባሪያ ጉልበት ጨው ያወጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። አንድ ጊዜ ከባሃማስ ጋር ሆኑ፤ በ1848 ተለዩ። በ1870ዎቹ ደግሞ በጃማይካ ሥር ገቡ። ጃማይካ በ1962 ነፃ ስትወጣ አብረን እንውጣ አላሉም፤ እንግሊዝ ጋር ቀሩ። ባሃማስም በ1973 ነፃ ስትወጣ የራሳቸው አገረ ገዥ ተሾመላቸው። በመካከሉ ካናዳ ትጠቅልለን የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ያውቃል፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ በየጊዜው እያገረሸ በ2004 የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የኖቫ ስኮሺያ ምክር ቤት ደሴቶቹን «ኑ፣ ከእኛ ጋር ሁኑ» እስከማለት ደርሷል። በክረምት በረዶ ለሚውጠው ካናዳዊ የነጭ አሸዋ ዳርቻ ማግኘት መቼም አይጠላም።

ሕገ መንግሥቱ ማን ጻፈው?

ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። የተርክስና ካይኮስ ሕገ መንግሥት ሕዝብ በጉባኤ ተሰብስቦ ያጸደቀው ሰነድ አይደለም። በለንደን፣ በንጉሣዊው አማካሪ ምክር ቤት ስም የወጣ የእንግሊዝ ድንጋጌ አባሪ ነው። ድንጋጌውን የሚያዘጋጁት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰዎች ናቸው፤ ከደሴቶቹ ተወካዮች ጋር ይደራደሩበታል፣ ሕዝቡም አስተያየት ይጠየቃል። ሆኖም የመጨረሻው ፊርማ የለንደን ነው። ለራሷ በአንድ ሰነድ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የሌላት ብሪታኒያ ለደሴቶቿ ግን አንቀጽ በአንቀጽ ትጽፋለች።

በድንጋጌ የተሰጠ ነገር በድንጋጌ ይሻሻላል፣ ይታገዳል፣ ይሻራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሰዎቹ ለብሰውታል፣ አጊጠውበታል፣ ግን ባለቤቱ ሌላ ነው። በ2009 ከሥልጣን የወረዱት ፕሪሚየር ማይክል ሚሲክ እገዳውን ተቃውመው ለንደን ድረስ ተሟግተዋል። ተረቱ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሕንድ ውቅያኖስ ባሉት በቻጎስ ደሴቶች ጉዳይ የእንግሊዝ ከፍተኛው የዳኝነት አካል፣ ያኔ የጌቶች ምክር ቤት፣ በሦስት ለሁለት ድምፅ እንዲህ ዓይነቱን ድንጋጌ አጽንቶት ስለነበር መንገዱ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ያ ድንጋጌ ደግሞ ከመኖሪያቸው የተነቀሉ ሰዎች ወደ ደሴታቸው እንዳይመለሱ የሚከለክል ነበር። ያን ያህል ከባድ ነገር ካለፈ፣ የአንድን ምክር ቤት መበተን የሚያስቀር ዳኛ ከየት ይገኛል?

በደህናው ጊዜ ግን ሥልጣኑ በሁለት ሰዎች መካከል የተከፈለ ነው። ፕሪሚየሩ (እስከ 2006 «ዋና ሚኒስትር» ይባሉ ነበር) በምክር ቤት ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ መሪ ናቸው፤ በጀት፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ቱሪዝም፣ መንገድ የእሳቸውና የሚኒስትሮቻቸው ነው። አገረ ገዥው በእንግሊዝ መንግሥት ምክር በንጉሡ ይሾማሉ። የውጭ ግንኙነት፣ መከላከያና ፖሊስን ጨምሮ የአገር ውስጥ ጸጥታ በእሳቸው እጅ ነው፤ በመንግሥት ሠራተኛ ሹመትም ላይ ሥልጣን አላቸው። ካቢኔውን የሚሰበስቡትና የሚመሩትም ፕሪሚየሩ ሳይሆኑ አገረ ገዥው ናቸው። ምክር ቤቱ ያወጣው አዋጅ ያለ እሳቸው ፊርማ ሕግ አይሆንም። የመጨረሻው ይግባኝም የሚታየው ለንደን ባለው የፕሪቪ ካውንስል፣ ማለትም የዚያው የንጉሣዊው አማካሪ ምክር ቤት፣ የዳኝነት ኮሚቴ ነው።

ይህ አከፋፈል በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። በኑሮ ሲታይ ግን እንግዳ ነገር ያመጣል። ሰፈር ውስጥ ተኩስ ሲበዛ፣ ከሄይቲ ስደተኞችን የጫነ ጀልባ ሌሊት ሲደርስ፣ ሕዝቡ የሚጮኸው በመረጠው ፕሪሚየር ላይ ነው። ፕሪሚየሩ ደግሞ «ፖሊስ የእኔ አይደለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ፖሊሱ የሚጠየቅላቸው አገረ ገዥ ጥቂት ዓመት ሠርተው ይሄዳሉ፤ በምርጫ ሊያወርዳቸው የሚችል የለም። የተመረጠው አያዝም፣ የሚያዘው አልተመረጠም። እኔን እንደሚመስለኝ በደሴቶቹ ከሙስናው የበለጠ ሥር የሰደደው ችግር ይህ ነው።

ሁለት ፓርቲ፣ ጥቂት መራጭ

የሕዝቡ ቁጥር በሃምሳ ሺህ ዙሪያ ነው፤ የተመዘገበው መራጭ ግን አሥር ሺህ እንኳ አይሞላም። ልጆቹ ስለበዙ አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ ለሥራ የመጣ ነው፤ ሄይቲያዊ፣ ዶሚኒካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ፊሊፒናዊ፣ ሌላም። ድምፅ የሚሰጠው «የአገር ልጅ» የሚባል ሕጋዊ ደረጃ ያለው ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ «ቤሎንገር» ይባል ነበር፤ የዚህ የሆነ፣ የእዚሁ ሰው ማለት ነው። ደረጃው በዋናነት በትውልድ ይገኛል። ሃያ ዓመት ሆቴል ያነጠፈ፣ ግንብ የገነባ ሰው በምርጫ ቀን ቤቱ ይውላል። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

አሥር ሺህ የማይሞላ መራጭ በምርጫ ክልል ሲከፋፈል ለአንድ ወንበር ጥቂት መቶ ሰው ይደርሳል። እጩው መራጩን በስም ያውቀዋል፤ የአክስቱን ልጅ፣ የክርስትና ልጁን፣ ያኮረፈውን ጎረቤቱን። ሁለቱ ፓርቲዎች፣ ማለትም የሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ፒዲኤም) እና ተራማጅ ብሔራዊ ፓርቲ (ፒኤንፒ)፣ በርዕዮተ ዓለም ይለያያሉ ብሎ የሚከራከር ብዙ አይገኝም። የሚለያዩት በሰው፣ በቤተሰብ፣ በደሴትና በ«ያኔ ለእኛ ምን አደረጉ» ነው። በ2003 ፒዲኤም ምርጫውን በሰባት ለስድስት አሸነፈ፤ የሁለት ወንበር ውጤት በፍርድ ቤት ተሽሮ ድጋሚ ምርጫ ሲደረግ ሁለቱንም ፒኤንፒ ወሰደና በኦገስት መንግሥት ተቀየረ። ጥቂት ቤተሰቦች ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ካቢኔ ይለወጣል ማለት ነው።

ከፓርቲዎቹ ፒዲኤም ይቀድማል። መሪው ጄምስ «ጃግስ» ማካርትኒ በ1976 የመጀመሪያው ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ወጣት ነበሩ፣ ነፃነት ይሹ ነበር። በ1980 ከእንግሊዝ ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ ፒዲኤም ቀጣዩን ምርጫ ካሸነፈ ደሴቶቹ በ1982 ነፃ ይወጣሉ ተባለ። ጃግስ በዚያው በ1980 በሜይ አሜሪካ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በኖቬምበር ምርጫ ፒኤንፒ አሸነፈ፤ ነፃነቱም ተረሳ። አንድ ትንሽ አውሮፕላን ባይወድቅ ኖሮ የተባበሩት መንግሥታት አንድ አባል ይጨምር ነበር ማለት ማጋነን ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን ተረት አይደለም።

ያሸነፉት ኖርማን ሳንደርስ የመጡባቸው ዓመታት የኮኬይን ዓመታት ነበሩ። ከኮሎምቢያ ወደ ፍሎሪዳ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ ይፈልጋል፤ ደሴቶቹ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው። ሳንደርስ በማርች 1985 ማያሚ ላይ በአሜሪካ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ፖሊስ ተያዙ፤ ገንዘብ ሲቀበሉ በድብቅ ካሜራ ተቀርጸው ነበር። በሥልጣን ላይ ሳሉ አሜሪካ ውስጥ በዕፅ ክስ የተያዙ የመንግሥት መሪ ሆኑ፤ ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። በዓመቱ የሌላ ጉዳይ ምርመራ ተካሂዶ ሳንደርስን የተኩትን ዋና ሚኒስትርና ሌሎች ፖለቲከኞችን «ለሕዝብ ሥልጣን አይበቁም» አለ። ለንደን በ1986 የሚኒስትሮችን መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ አገደች።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1988 ምርጫ ሲመለስ ሕዝቡ ዋና ሚኒስትር ያደረጋቸው ኦስዋልድ ስኪፒንግስን ነው፤ ምርመራው «አይበቁም» ካላቸው ሰዎች አንዱን። ሳንደርስም እስራታቸውን ጨርሰው በ1995 በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። ለንደን የሚጽፈው ፍርድና መራጩ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ሆነው አያውቁም።

መሬቱ

የ2009ኙን ነገር ለመረዳት የዕፅ ታሪኩን ትቶ ወደ መሬት መምጣት ያስፈልጋል። በ2000ዎቹ ሀብታም አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ፕሮቮን አገኟት። የባህር ዳር መሬት ዋጋ ሰማይ ነካ። የመሬቱ ትልቅ ክፍል ደግሞ «የዘውድ መሬት» ነበር፤ በሕግ የንጉሣዊው ዘውድ፣ በተግባር ግን ሚኒስትሮቹ የሚደለድሉት።

አሠራሩ ቀና ሐሳብ ነበረው፤ የአገር ልጅ በገዛ ደሴቱ መሬት አጥቶ እንዳይቀር ከገበያ ዋጋ እጅግ በወረደ ዋጋ ይሰጠው የሚል። በተግባር ምን ሆነ? ከሚኒስትር ጋር የሚተዋወቅ ሰው መሬቱን በቅናሽ ይወስዳል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ለውጭ ባለ ሆቴል በሙሉ ዋጋ ያዞረዋል። ልዩነቱ በግለሰብ ኪስ ይቀራል። ሕዝቡ መሬቱንም ዋጋውንም አጣ። አንዳንዱ ገንዘብ በብድር፣ በኮሚሽን ወይም በፓርቲ መዋጮ ስም ወደ ፖለቲከኞች እንደተመለሰ ምርመራው ጠቁሟል። ፓርቲዎች ከማን ስንት እንደሚቀበሉ የሚቆጣጠር ጠንካራ ሕግ አልነበረም።

መራጩስ ዝም አለ? በፌብሩዋሪ 2007 የማይክል ሚሲክ ፒኤንፒ ከ15 ወንበር 13 ወሰደ። በከፊል ጊዜው ጥጋብ ስለነበረ ነው። በከፊል ግን ከቁራሹ የሚደርሰው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው፤ ጥቂት መቶ መራጭ ባለበት ክልል አንድ ቁራጭ መሬት፣ አንድ የትምህርት ወጪ፣ አንድ የሥራ ደብዳቤ ስንት ድምፅ እንደሚያመጣ ማስላት ከባድ አይደለም።

ቅሬታው ግን ለንደን ደረሰ። የእንግሊዝ ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በ2008 ስለ ደሴቶቹ የሰማው አሳሰበው፤ ሰዎች በፍርሃት ስማቸውን ደብቀው መመስከራቸው ራሱ ነገር ነበር። አገረ ገዥው በዚያው ዓመት ጡረተኛውን ዳኛ ሰር ሮቢን ኦልድን መርማሪ አድርገው ሾሙ። የችሎቱ ውሎ በይፋ ተሰማ። ሚሲክ በማርች 2009 ለቀቁ። የኦልድ ሪፖርት በሚኒስትሮች ደረጃ ሥር የሰደደ ሙስና የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው አለ፤ ዕድል እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ምርመራ ፍርድ ቤት አይደለምና። ጋልሞ ዊሊያምስ ሚሲክን ተክተው ጥቂት ወራት ሞከሩ። በኦገስት ድንጋጌው መጣ።

ከእገዳው በኋላ

አገረ ገዥው ብቻቸውን በገዙባቸው ዓመታት የተሠራ ሥራ አለ። ካዝናው ባዶ ስለነበር እንግሊዝ ለ260 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነች። ልዩ የምርመራ ቡድን ተቋቋመ። አላግባብ የተወሰደ ሰፊ መሬትና ብዙ ሚሊዮን ዶላር በፍትሐ ብሔር መንገድ ተመለሰ። አዲስ ሕገ መንግሥት በ2011 ተጽፎ በኦክቶበር 2012 ሥራ ላይ ዋለ። ከለውጦቹ የምወደው አንዱን ነው፤ ከ15 ተመራጮች አምስቱ ከአንድ ክልል ሳይሆን ከመላው ደሴቶች እንዲመረጡ ተደረገ። መራጩ አንድ የሰፈሩን ሰው፣ አምስት ደግሞ የሁሉንም እንዲመርጥ ሆነ። ጥቂት መቶ ሰው በውለታ መያዝ ይቻላል፤ መላውን መራጭ መያዝ ግን ውድ ይሆናል። ፕሪሚየርነትም ከሁለት ተከታታይ ዘመን እንዳያልፍ ገደብ ተበጀለት። በአንጻሩ የአገረ ገዥው ጉልበት ጨመረ፤ ለመልካም አስተዳደር መርሆዎች አስፈላጊ ከሆነ ከካቢኔው ፈቃድ ውጭ መሥራት ይችላሉ።

ቅሬታውም ቀላል አልነበረም። ያጠፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ድምፁን የተነጠቀው ግን ሁሉም ነው። በሙስና ያልተነካካው ነርስም ዓሣ አጥማጁም ለሦስት ዓመት የሚወክለው አልነበረም። ጎረቤት የካሪቢያን አገሮችም የቅኝ ግዛት ሽታ ሸተታቸው።

ኖቬምበር 2012 ምርጫ ሲደረግ ያሸነፈው ማን ነው? ያው ከሥልጣን የተባረረው ፓርቲ። ፒኤንፒ በሩፉስ ዩዊንግ መሪነት በስምንት ለሰባት ተመለሰ። ሚሲክ በወሩ ብራዚል ውስጥ ተያዙ፤ በጃንዋሪ 2014 ተላልፈው መጡ። ክሱን ክደው ተከራከሩ። ችሎቱ ያለ ጁሪ በአንድ ዳኛ ይታይ ነበር፤ ትንሽ ደሴት ላይ የማይዛመድ ጁሪ ከየት ይመጣል ከሚል ሥጋት። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ፣ ወጪውም በዚያው ልክ። ዳኛው ፖል ሃሪሰን ግን ፍርዱን ሳይሰጡ በ2021 አረፉ፤ ከእሳቸው ጋር ያ ሁሉ ሙግት ውጤት አልባ ሆነ። ብቸኛ ዳኛ የተመረጠው ሥራው እንዲቃና ነበር።

በመካከሉ ፖለቲካው መወዛወዙን ቀጥሏል። በ2016 ፒዲኤም 10 ወንበር አግኝቶ ሻርሊን ካርትራይት ሮቢንሰን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሪሚየር ሆኑ። በ2021 መራጩ ተገልብጦ ለፒኤንፒ ከ15 ወንበር 14 ሰጠ፤ ፕሪሚየር የሆኑት ዋሽንግተን ሚሲክ የማይክል ወንድም ናቸው፤ በ1990ዎቹም ግዛቱን መርተዋል። በ2025 ደግሞ ፓርቲያቸው እንደገና አሸነፈ። ነፃነትን የሚያነሡ አልጠፉም። ይሁንና ከ2002 ጀምሮ የደሴቶቹ ሰው የእንግሊዝ ዜግነትና ፓስፖርት አለው፤ ማዕበል ሲመጣም የእንግሊዝ መርከብ ይደርሳል። «ነሺው እሱ ነው» ብሎ የሚያማርር ሰው «ሰጪውም እሱ ነው» የሚለውን አይረሳም።

ለንደን ራሷ ከዚህ ምን እንደተማረች የታየው በጎረቤት ነው። በኤፕሪል 2022 መጨረሻ የሌላዋ የእንግሊዝ ግዛት፣ የብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች፣ ፕሪሚየር አንድሩ ፋሂ ማያሚ ላይ በኮኬይንና በገንዘብ ማጠብ ክስ ተያዙ፤ ልክ እንደ ሳንደርስ፣ በዚያችው ከተማ። (በኋላ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ተፈርዶባቸዋል።) በማግሥቱ ከፋሂ እስር ጋር ያልተያያዘ፣ ቀድሞ የተጀመረ የአስተዳደር ምርመራ ሪፖርት ወጣ፤ ሕገ መንግሥቱ በከፊል ለሁለት ዓመት ይታገድ የሚል። ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ። ለንደን ይህን ጊዜ አላገደችም። ናታሊዮ ዊትሊ የሚመሩት የአንድነት መንግሥት ለውጦቹን ራሱ እንዲፈጽም ጊዜ ተሰጠው። የእገዳው ድንጋጌ ግን አልተቀደደም፤ አንቀጾቹ ተሞልተው፣ የሚፈለግበት ቀን ብቻ ቀርቶት፣ በተጠባባቂነት ተቀመጠ።